የሰው ጠመንጃ

የጌጡ አባት የሞቱት በገዛ ደጃፋቸው ላይ ነው። ጊዜው የካቲት 1929 ነበር። በጣሊያኑ ገዢ ላይ ቦምብ በተወረወረ ማግሥት ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ ሰዎች ቤንዚን በጣሳ ይዘው ጉለሌን ከላይ እስከ ታች ይዞሩት ጀመር። አባቱ ምን እንደመጣ ሊያዩ በሩን ከፍተው ብቅ ሲሉ አንዱ በአካፋ ግንባራቸውን አላቸው። ወድቀው ለመነሣት ሲንፈራገጡ ሌላው ደረታቸው ላይ ቆመባቸው፤ ሦስተኛው ጎጆውን ለኮሰ። ጌጡ የወተት ጥርሱን ነቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ነበር። እናቱ ከጓሮ ጎትታ ወደ ወንዙ ገደል ይዛው ወረደች፤ እዚያ ሆኖ የሰማው የአባቱን ጩኸት አልነበረም፤ የጎጆውን ሣር መንጣጣት ነበር።

እናቱ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ አንድ ነገር ትል ነበር። «ዓለም እያየን ነው ያለቅነው። ንጉሡ ጄኔቭ ድረስ ሄደው ጮኹ። ማን ሰማቸው?»

ስለዚህ ጌጡ አድጎ ክብር ዘበኛ ገብቶ ሳለ፣ አንዲት ትንሽ አገር ተወርራለችና ወደ ኮሪያ ጦር እንልካለን ሲባል ነገሩ ልቡን ነካው። እናቱን ሊሰናበታት ሄዶ፣ «ለእኛ የደረሰልን አልነበረም፤ እኛ ግን ለሰው እንደርሳለን» አላት።

«ሂድ» አለችው። «የሰው እናት እንዳታስለቅስ ብቻ።»

ጦር ሜዳ ገብቶ የሰው እናት ሳያስለቅሱ መውጣት እንዴት እንደሚቻል ግን አልነገረችውም።

ኮሪያ ያገኘው ብርድና ተራራ ነው። አንድ ቀን ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጉም መሬቱን እንደሸፈነው፣ ጠላት ምሽጋቸው ውስጥ ገባ። መተኮሻ ጊዜ አልነበረም። ጌጡ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ያለውን ሰው በሳንጃ ወጋው። ሰውየው ጥጥ የተጠቀጠቀበት ወፍራም ልብስ ለብሶ ስለነበር ሳንጃው ጥጡ ውስጥ ተቀርቅሮ እንቢ አለው፤ ሁለተኛ ገፋው፤ ሦስተኛ ጊዜ በሙሉ ክብደቱ ተጫነበት። ሰውየው የጠመንጃውን አፈ ሙዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከጌጡ ዓይን ሳይነቅል፣ ቀስ እያለ ተቀመጠ። ውጊያው ሲበርድ ጌጡ አስከሬኑን ፈተሸ። በወገቡ ላይ የታሰረች ከረጢት ነበረች፤ ሲፈታት የተቆላ እህል አገኘ። ቆሎ ነበር። መንገደኛ የጉለሌ ገበሬ በጉያው ከሚይዘው ቆሎ በምንም አይለይም። ጌጡ ጥቂት ፍሬ በመዳፉ ይዞ ቆየ፣ ከዚያ መልሶ ከረጢቷ ውስጥ አደረገው።

ሲመለስ ሰማያዊና ነጭ ሪባን ያለው ሜዳሊያ አደረጉለት፤ ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። እልልታው ብዙ አልቆየም። በ1953 ታኅሣሥ በክብር ዘበኛ ውስጥ በተነሣው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተነሣ ክፍሉ ሲበተን፣ በነገሩ ያልነበረበት እሱም አብሮ ተባረረ። በጦሩ ውስጥ የመኪና ጎማ መጠገን ተምሮ ነበርና ከሸጎሌ በሚወርደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ ጠለላ ጎሚስታ ሆነ። ከብት የጫኑ መኪናዎች ሁሉ የሚያውቁት ሰው ሆነ። ሚስቱ ደሳለች ቁጥብና አጥንተ ጠንካራ ሴት ነበረች። ገና ክብር ዘበኛ ሳለ አንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ መሠረት አሏት።

አብዮቱ ሲፈነዳ ጌጡ ከልቡ ነው የተቀበለው። ሰልፍ ላይ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲባል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮህ ነበር። ለእሱ ኢምፔሪያሊዝም ማለት አካፋ የያዘው ባለ ጥቁር ሸሚዝ ነው። ለመሠረት ግን ሌላም ነገር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ፣ መጽሐፍ እየተቀባበሉ ስለ ቬትናም፣ ስለ አንጎላ፣ ስለ ኮንጎ የሚከራከሩ ልጆች መሐል ገብታ ነበር። አንድ እሑድ ጌጡ ሥራውን ዘግቶ ምሳ ሲበሉ ድንገት ጠየቀችው።

«አባዬ፣ ኮሪያ የዘመትከው ለማን ብለህ ነው?»

«ለተወረረ ሕዝብ ነዋ። እኛ ስንወረር ማንም አልደረሰልንም።»

«ከእነማን ጋር ሆነህ?»

«ከአሜሪካን፣ ከቱርክ፣ ከእንግሊዝ…»

«እንግሊዝ ያኔ ኬንያን ይዞ የለም እንዴ? ነፃነት ሊያመጣ ነው ኮሪያ የሄደው?»

ጌጡ ጎረሰ። እሷ አልተወችውም።

«የገደልከው ሰውዬስ? ምን ነበር ሥራው?»

ቆሎው ትዝ አለው። መግደሉን አውርቶ ያውቃል፤ ቆሎውን ግን ለማንም አልነገረም።

«ገበሬ ነበር አይደል?» አለች መሠረት። «ገበሬ ገበሬን እንዲወጋ ነው የላኩህ። ጠመንጃው የእነሱ፣ ትእዛዙ የእነሱ፤ ደሙ ያንተና የሱ። እኛ ኢምፔሪያሊዝም የምንለው ይኼንን ነው።»

በጥፊ አላት። በሕይወቱ እጁን ያነሣባት ያን ቀን ብቻ ነው። መሠረት አላለቀሰችም፤ ጉንጯን ይዛ አተኩራ አየችው። ደሳለች ትሪውን አንሥታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዜር ይመስገን» ከመባባል አላለፉም፤ ያን ነገርም አላነሡም።

በ1969 ሚያዝያ የቤት ለቤት አሰሳ መጣ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ አለቃ ስለሺ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት ሎተሪ አዟሪ ነበር፤ ዝናብ ሲይዘው ጌጡ ጠለላ ሥር ይጠለል፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ይቁረጡ እንጂ» እያለ ይቀልድ ነበር። አሁን ክላሽ አንግቧል። ሰዎቹ ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱ፣ የእህል ማሰሮውን ሰበሩ፣ የሳጥኑን ክዳን ገነጠሉ። ከሳጥኑ ሥር ሜዳሊያው ወጣ፤ ጌጡ ከአንድ አሜሪካዊ ሃምሳ አለቃ ጋር በረዶ ላይ ቆሞ የተነሣው ፎቶግራፍም አብሮ ወጣ።

ስለሺ ፎቶውን አገላብጦ አየ። «አንተ!» አለው፤ ያ ሁሉ ጋሼ ማለት ቀርቶ። «የሲአይኤ ቅጥረኛ ነህ ለካ!»

«ስለሺ፣ ይሄ እኮ የድሮ…»

አልጨረሰም። የክላሹ ሰደፍ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ከደም ጋር ተፋ። መሠረት «አባዬ!» ብላ ስትንደረደር አንደኛው ጠባቂ በእርግጫ ሆዷን መታትና ግድግዳው ሥር ተጠቅልላ ቀረች። ጌጡን ፀጉሩን ይዘው እየጎተቱ፣ ጎረቤት በየደጃፉ ቆሞ እያየ፣ ወደ ቀበሌ ወሰዱት።

ቀበሌው ቀድሞ የአንድ መስፍን ቤት ነበር። እስረኞች የሚመረመሩት ከምድር ቤቱ፣ ድሮ እህል ይከማችበት ከነበረው ክፍል ነው። ጌጡን እጁንና እግሩን ጠፍረው፣ በጉልበቱ ሥር እንጨት አሳልፈው፣ በሁለት ጠረጴዛ መሐል ቁልቁል ዘቀዘቁት። «ወፌ ላላ» የሚሉት ይኼንን ነው። አፉ ውስጥ ደም የጠጣ ጨርቅ ጎሰጎሱበትና ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉት ጀመር። ቆዳው ሲቆረጥ አላቆሙም፤ ሥጋው ሲገለጥም አላቆሙም። ጨርቁን ሲያወጡለት ስለሺ ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ስንት ኮሙኒስት ገደልክ?»

«አላውቅም።»

«ለአሜሪካ ምን ትልክ ነበር?»

«ለማን? እኔ ጎማ ነው የምለጥፈው።»

ጨርቁን መልሰው ጎሰጎሱበት። አጠገቡ እንደሱው የተገረፈ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ረፋድ ላይ ውሃ ውሃ ሲል ቆየና ዝም አለ። እስከ ማግሥቱ ማንም አላነሣውም። ጌጡ ከሞተው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ አደረ።

እግሩ መግል ቋጥሮ በጉልበቱ እየዳኸ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት አንድ መቶ አለቃ መጣ። ሶማሊያ በምሥራቅ ጦር ታከማቻለች እየተባለ መንግሥት በታጠቅ ጦር ሰፈር ብዙ ገበሬ ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር፤ አሠልጣኝ ግን አነሰው። መቶ አለቃው ከየቀበሌው አሮጌ ወታደር ይለቅማል።

«መትረየስ የሚያውቅ አለ?» አለ።

ጌጡ ተኝቶ እጁን አነሣ።

«ይሄማ የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ ነው ጓድ!» አለ ስለሺ።

«መትረየስ ያውቃል ወይስ አያውቅም?»

«እሱን ያውቃል…»

«በል እንግዲህ፣ ቅጥረኛነቱን ሲመለስ ታጣራለህ።»

እንዲህ ሆነና ጌጡን በአልጋ ተሸክመው መኪና ላይ ጫኑት። ደሳለችና መሠረት ወሬ ሰምተው እየሮጡ መጡ። መሠረት መኪናው ጎን ቆማ በጨርቅ የታሰረ እግሩን በእጇ ነካችው። ሊነግራት የፈለገው ብዙ ነበር፤ ነገር ግን አፉ ገና አልዳነም ነበርና «እናትሽን አደራ» ብቻ አላት። መኪናው ተነሣ።

ታጠቅ ላይ እግሩ እስኪሽር ተቀምጦ፣ ኋላም በዱላ እየተደገፈ፣ ጫማ አድርገው የማያውቁ ገበሬዎችን መትረየስ አስተማረ። መጀመሪያ ያስተማራቸው በአሜሪካኑ ነው። አሜሪካኖቹ ተባርረው ነበርና ዓመቱ ሳያልቅ የሩሲያ መሣሪያ በሣጥን መጣ፤ ያንኑ ትምህርት ከሀ ጀመረው። አንዱ ምልምል፣ «ጋሼ፣ ይኼኛው ደግሞ የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ያው የሰው ነው። አፈ ሙዙን ወደዚያ አዙር» አለው።

ከዚያ ያስተማራቸውን ይዞ ወደ ምሥራቅ ዘመተ። ቀድሞ ያየውን ሁሉ ደግሞ አየው፤ ብርዱ ቀርቶ ሐሩር ሆነ እንጂ። ትናንት እግሩን ጫማ ያለማመደው ልጅ ዛሬ እግሩ ከነጫማው ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ከካራማራ ተራራ ግርጌ በአንድ ፈንጂ የሚወዳቸው ሦስት ልጆች በአንዴ ሲበተኑ ሬሳቸውን ለይቶ መሰብሰብ አልቻለም፤ በአንድ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቀበራቸው።

ጂጂጋ ከሶማሊያ እጅ በተመለሰች ሰሞን ሆዱን የቆሰለ አንድ የሶማሊያ ምርኮኛ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሰውየው ጀላል ይባላል፤ ልጅነቱን ጂጂጋ በአጎቱ ሱቅ ስላሳለፈ አማርኛ ያውቃል። መድፈኛ ነበር። ጌጡ ከኮዳው ውሃ ክዳኑ ላይ ቀድቶ ከንፈሩን አረጠበለት።

«መድፍ ማን አስተማረህ?» አለው።

«ሩሲያዊ» አለ ጀላል። «ጢሙ ቀይ ነው። ጎበዝ ነበር፤ እንደ ወንድም ነበርን። ባለፈው ኅዳር ሁሉንም ከአገራችን አባረርናቸው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ትናንት የመታን መድፍ አተኳኮሱን አወቅሁት። እሱ እንዳስተማረን ነው። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ ከዚያ መሐሉ ላይ። አሁን እናንተ ጋ ነው ማለት ነው።»

ጌጡ ክዳኑን ደግሞ ወደ ከንፈሩ አስጠጋለት።

«እኛ እርስ በርስ ስናልቅ» አለ ጀላል፣ «እሱ ካንዱ ቤት ወጥቶ ካንዱ ቤት ገባ። ኮፍያውን እንኳ አልቀየረም እኮ፣ ጋሼ።»

ይኼኔ አንድ የፖለቲካ ካድሬ ከኋላ መጣ። «ከጠላት ጋር ምንድነው ወሬው?» አለና፣ ጌጡ ዞር ብሎ መልስ ሳይሰጠው፣ ሽጉጡን አውጥቶ ጀላልን ግንባሩን አለው። ደሙ ጌጡ በያዘው የኮዳ ክዳን ውስጥ ተረጨ፤ የተረፈችው ውሃ ቀይ ሆነች። ካድሬው ሽጉጡን ወደ ቦታው መልሶ፣ «ቅበረው» ብሎ ሄደ። ጌጡ ሲቆፍር ዋለ። የመሠረት ነገር፣ ያ የእሑድ ምሳ፣ ያ ጥፊ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለ። እውነቷን ነበር፤ ስመለስ እነግራታለሁ አለ። ስለ ኮሪያው ሰውዬ ስለ ቆሎውም እነግራታለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃታለሁ አለ። በየሄደበት ይህችኑ ሐሳብ እንደ ስንቅ ይዟት ዞረ። ጥቂት ቀን ቆይቶ የሞርታር ስብርባሪ ግራ ዓይኑን አጠፋውና ወደ ኋላ ተላከ።

ጉለሌ የገባው በሚያዝያ 1970 ነው። ፊቱ በፋሻ እንደታሸገ፣ በያዛት ዱላ መሬቱን እየነካ ደጃፉ ሲደርስ ደሳለች በሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯን ከሥሩ ተቆርጣለች። ነጠላዋ ግን ነጭ ነው።

«መሠረትስ?» አላት።

ደሳለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ደጋግሞ ጠየቃት። ከማዶ ባለ ሱቁ ሳቢት፣ የዘመናት ጎረቤቱ፣ ሚዛኑን ጥሎ እየሮጠ መጣና ትከሻውን ይዞ ወደ ሱቁ ወሰደው። ከስኳሩ ጆንያ ላይ አስቀመጠው።

«ጌጡ፣ ወንድሜ» አለ ሳቢት፤ «ባትመጣ ይሻልህ ነበር።»

ከዚያ ነገረው። በታኅሣሥ ነበር። መሠረትና ሁለት ጓደኞቿ ግድግዳ ላይ ሲጽፉ ተያዙ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሰነበቱ፤ ጩኸታቸው እስከ ሱቁ ይሰማ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ ሦስቱንም አምጥተው ከመንገዱ ዳር፣ ከጌጡ የጎሚስታ ጠለላ ፊት ለፊት አቁመው ተኮሱባቸው። መሠረት ቶሎ አልሞተችም፤ እየተሳበች ወደ ጠለላው አመራች፤ ስለሺ ተከትሎ ራሱ ጨረሳት። ደረቷ ላይ «እኔ የኢምፔሪያሊዝም ቅጥረኛ ነኝ» የሚል ካርቶን አሰሩባት። ፀሐይ እስኪከር እዚያው ተጋደመች። ደሳለች ልትሸፍናት ነጠላዋን ይዛ ስትቀርብ በጠመንጃ አፈሙዝ መለሷት። ከዚያ የጭነት መኪና መጥቶ ሦስቱንም እንደ ማገዶ ጭኖ ሄደ። ማልቀስ ክልክል፣ ድንኳን ክልክል፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ሆነ።

«ቅጥረኛ?» አለ ጌጡ። «መሠረት?»

«እንደዚያ ነው የጻፉባት።»

እሱን የገረፉበት ስም ነው፤ እሷንም በዚያው ስም ገደሏት። ጌጡ ለረጅም ጊዜ ከጆንያው ላይ አልተነሣም።

ሥራውን ጀመረ፣ ምን ያድርግ። በአንድ ዓይኑ ጎማ ይነቅላል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። ከጠለላው ፊት ያለውን መሬት ግን ረግጦ አያልፍም፤ ዞሮ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የቀበሌው ላንድሮቨር ጎማው ተንፍሶ መጥቶ ቆመ። ስለሺ ብቻውን ነበር። ወርዶ እጁን ዘረጋለት።

«ጓድ ጌጡ! የአብዮቱ ጀግና! የድሮውን እርሳው፤ ያኔ ሁላችንም ተሳስተን ነበር።»

ጌጡ የተዘረጋውን እጅ አየው። ጎማ መንቀያው ብረት በእጁ ነበር። አንድ ቃል አልተናገረም። መጀመሪያ ክንዱን መታው፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ክላሹ ከትከሻው ወደቀ። ቀጥሎ አገጩን ሲለው ስለሺ በጀርባው ተዘረጋ፤ ጌጡ ደረቱ ላይ ተቀመጠና ብረቱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣው።

ደሳለች ከቤት እየጮኸች መጣች። ሰው ሁሉ ባሏን ልትገላግል የመጣች መሰለው። እሷ ግን ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አትግደለው!» አለችው። «የት እንደቀበሯት ሳይነግረኝ አትግደልብኝ!» ከዚያ ስለሺ ራስጌ ተንበረከከች። ደም የሞላ ፊቱን በመዳፎቿ ያዘችው። «የት ወሰዳችኋት? ንገረኝና ልሂድ። ቦታውን ብቻ።»

የስለሺ አገጭ ተሰብሮ ስለነበር ንግግሩ አልጠራ አለ። «አላውቅም» አለ። «መኪናው ከላይ ነው የሚመጣው… ጭነው ይሄዳሉ… አልጠየቅኩም።»

«እንዴት አልጠየቅህም?»

«አልጠየቅኩም» አለና አለቀሰ።

ስለሺ የእውነት አያውቅም ነበር። ጌጡ ብረቱን ጣለው። የቀበሌው ጠባቂዎች ደርሰው እሱን በሰደፍ ሲቀጠቅጡት እንኳ ፊቱን አልሸፈነም። እዚያው እንዳይደፉት ያደረገው ከጦር ሜዳ የመጣ ቁስለኛ መሆኑ ነው፤ ከርቸሌ ገባና ዓመታት ቆየ። ስለሺ ሲድን ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ የከፍተኛ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተዛወረ ተባለ። በኋላ ወዴት እንደደረሰ ያወቀ የለም።

ጌጡ ሲፈታ ደርግ ገና በሥልጣን ላይ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። በወጣ ሳምንት አዲሱ የቀበሌ ሊቀመንበር አስጠርቶ፣ ብሔራዊ ውትድርና የሚገቡ ልጆችን መሣሪያ እንዲያስተምር ጠየቀው።

«በሁለት ዓይነት የሰው ጠመንጃ ተኩሻለሁ» አለ ጌጡ። «ሁለቱንም ያስታጠቁኝ ነፃነት ነው ብለው ነው። ሦስተኛ አላስተምርም።»

«ይሄ ፀረ አብዮት ንግግር ነው።»

«ይሁን። እሰረኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ሊቀመንበሩ የጠፋ ዓይኑን አይቶ በሩን አሳየው።

ቤት ሲመለስ ደሳለች ጓሮ ያለውን ሸራ አውጥታ ታራግፍ ነበር። ምን ልታደርጊ ነው ቢላት፣ «ላለቅስ» አለችው። «አንተ እስክትመጣ ነው የጠበቅሁት። አሁን ልጄን ላልቅስ።» ጌጡ እንጨት ቆርጦ አመጣ። ሁለቱ ብቻቸውን ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ተከሉ። ደሳለች ጥቁር ለበሰች፣ መሬት ላይ ተቀመጠችና የመሠረትን ስም ጠርታ ጮኸች። የሰፈሩ ሰው በየበሩ ቆሞ አየ፤ የሚቀርብ ጠፋ። በመጀመሪያ የመጣው ሳቢት ነው፤ ሚስቱ ቶይባ ምንጣፍ ይዛ ተከተለችው። ቶይባ ደሳለችን አቅፋ ስታለቅስ ያኔ አንድ ሁለት እያሉ ሌሎቹም መጡ። የሁለቱ ጓደኞቿ እናቶች መጡ። ልጃቸው የት እንደቀረ የማያውቁ፣ ጨርሶ በዚያ በኩል የማያልፉ ሰዎች ሁሉ መጡና ድንኳኑ ሞላ።

ከሰዓት ላይ ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ደረሱ። አንደኛው ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ፣ «ማነው የሞተው?» አለ።

«ልጃችን» አለ ጌጡ ሳይነሣ።

«መቼ?»

ጌጡ ቀና ብሎ በአንድ ዓይኑ አየው። ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ ነው፤ ያኔ ልጅ ነበር። «አንተ አታስታውስም» አለው። «ወይ ተቀመጥ ወይ እለፍ፤ ሰው ያልቅስበት።»

ጠባቂው ወደ ጓደኛው ዞረ፣ ከዚያ ወደ ሴቶቹ አየ። ጠመንጃውን ወደ ኋላው አደረገና ሁለቱም መንገዱን ይዘው ወረዱ። ለቅሶው እስኪመሽ ቀጠለ።